ጠበል የገባለት ኮራል

እስካሁን መልስ ያጣሁለት ጥያቄ አለኝ፦ ኮራሉን ያዳነው ጠበሉ ነው ወይስ ጨው የሌለው ውሃ ማግኘቱ?

ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ሲያዩት ግን እንደ አበባ ይፈካል። እዚህ ላሊበላ ቤቱን የማጸዳለት መሐንዲስ በመስታወት ገንዳ፣ በጨው ውሃ ያኖረዋል። አዲስ አበባ ሲሄድ ወረቀት ጽፎልኝ ነበር። ረዥም ንባብ ይሰለቸኛል፤ «ውሃው ሲጎድል ሙዪ» የሚለውን አንብቤ ቀሪውን ተውኩት። የባሕር ነው ብዬ ጨው እያሟሟሁ ሞላሁ። በሳምንቱ ኮራሉ ተኮማትሮ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኛ። ከሥራ ብባረር ልጄን በምን ላሳድግ?

ልጄን የሚይዙልኝ አማቴ መጥተው አዩት። «ሞቷል፤ ጣይው!»

«አልጥልም፣ እማማ! አደራ ነው።»

«እንግዲያስ ጠበል ይግባለት።»

«እሱም አይሆንም!»

አልሰሙኝም። ልጄን ሳጠባ ጠብቀው፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ያመጡትን አንድ ጀሪካን ጠበል ገለበጡበት። አለቀስኩ፤ ጮህኩባቸውም።

በማግስቱ ኮራሉ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ፈክቶ ጠበቀኝ! ለመሐንዲሱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ጨው አብዝተሽበት ነበር» አለኝ እየሳቀ። «የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም። በተራ ውሃ ሙዪ ብዬ ጽፌልሽ የለ? አሁን በቃው፤ ተራ ውሃ ከበዛበትም ይሞታል።»

ይህን ለአማቴ ብናገር ማን ሊሰማኝ! ዛሬ ጠዋት የመሐንዲሱ በር ተንኳኩቶ ስከፍት፣ የሰፈሩን እናቶች አስከትለው ቆመዋል፤ ሁሉም ጀሪካን ይዘዋል።

«ዞር በይ፣ ይጨመርለት!»

አልዞርኩም፤ በሩን ዘጋሁት። ይህን ስጽፍም ደጅ ናቸው። እባካችሁ ምከሩኝ፤ ጠበል ተሸክሞ የመጣን ሰው ምን ብለው ይመልሱታል?