ሰው ሳይሞት የተነፋች ጡሩምባ

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ጋሼ አዘዘን የማይወድ የለም፤ ጎህ ሲቀድ ድምፃቸውን መስማት የሚወድ ደግሞ የለም። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ያቺን ጡሩምባ ሲነፉ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ይወጣና «ማን ሞተ?» ይላል። የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይናገራሉ፣ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋሉ። በቃ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው።

አምና የጎረቤታችን ልጅ ቃለ ሕይወት ከመተሐራ ተመለሰች። እዚያ መምህርት ሳለች መሬቱ ሲናወጥ ከርሞ፣ ከተማሪዎቿ ጋር ሜዳ ላይ አድራለች። እኛንም ካላስተማርሁ ብላ የዕድር ስብሰባ ላይ ቆመች።

«አጥር የምትሠሩበት ጥቁር ድንጋይ እኮ ድሮ ቀልጦ የፈሰሰ እሳት ነው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳችሁ የምትታጠቡበትን ውሃስ ማን አሞቀው?»

«ፈጣሪ ነዋ!» አልሁ እኔ። አፌ መቼ ያርፋል?

«እሱስ እሱ ነው፤ በምን እንዳሞቀው ልንገራችሁ» አለችና ሳቀች። ነገ ይፈነዳል ወይም መሬቱ ይናወጣል አላለችም። መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ መልመድ ግን አይጎዳም አለች። ሲያናውጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ሲያቆም ሁለተኛው ሳይመጣ ቶሎ ሜዳ መውጣት፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ደግሞ የተመደበለት ጎረቤት ተሸክሞ ያወጣዋል።

ለልምምዱ በማይክ «ውጡ! ውጡ!» ብትል ማን ይውጣላት? ሎተሪ ሻጩም የሚጮኸው በማይክ ነው።

«ይህን ሰፈር ከቤቱ የሚያስወጣው የጋሼ አዘዘ ጡሩምባ ብቻ ነው» አልሁ።

ጋሼ አዘዘ ብድግ አሉ። «ሰው ሳይሞት? ሟርት! ቤቴ የተኛ ሰው እንዳለኝ አጣችሁት? ይቺ ጡሩምባ አንዴ ከተነፋች ባዶ እጇን አትመለስም!» ብለው ወጡ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሚስታቸው እትዬ አገርነሽ ከሁዳዴ ፆም ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፤ ሐኪሞቹም ቤታቸው ይሁኑ ብለው መልሰዋቸዋል። በማግስቱ ከቃለ ሕይወት ጋር ይቅርታ ልንል ሄድን። እትዬ አገርነሽ ነገሩን ሲሰሙ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«አዘዘ፣ ንፋላቸው።»

«ተይኝ እባክሽ።»

«ለእኔ የምትነፋትን እኔ አልሰማትም። ይቺን እንኳ ልስማልህ።»

ጋሼ አዘዘ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ፈራሁ፣ አገርነሽ» አሉ።

«እኔም ፈርቻለሁ። ግድ የለህም፣ ንፋ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፉ። ልምምድ እንደሆነ ለሁሉም ተነግሯል፤ ግን ጆሮ የለመደውን አይለቅም፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ጋሼ አዘዘ ሜዳው መሐል ጡሩምባቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እንባቸው ይወርዳል። ይኼኔ አንዷ «ውይ፣ አገርነሽን!» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ሰፈሩ በዋይታ ተደበላለቀ። ከሁሉ በፊት ደረቴን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ልምምድ መሆኑ ጨርሶ ጠፋብኝ።

በዚያ መሐል ለእትዬ አገርነሽ የተመደቡት ሁለቱ ጎረቤቶች፣ አምሐና ኃይለ ገብርኤል፣ በወንበር ተሸክመዋቸው ብቅ አሉ።

«ኧረ ማነው የሞተው?» አሉ እትዬ አገርነሽ፣ ከልባቸው ደንግጠው።

ጋሼ አዘዘ ሚስታቸውን አዩ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ በዚያ በምናውቀው ድምፃቸው ጮኹ።

«ማንም አልሞተም! ሁላችሁም አላችሁ! ወደየቤታችሁ ግቡ!»

እልልታው ቀለጠ። እትዬ አገርነሽ «እንዲህ እንደምትወዱኝማ ባውቅ ቀደም ብዬ እተኛ ነበር» ብለው አሳቁን። ጋሼ አዘዘ ያን ቀን ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በየደጁ እየቆሙ ሰው ሲያጫውቱ ዋሉ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ በዚያችው ጡሩምባ ሆነ። ባልታሰበ ሰዓት ትነፋለች፣ እንወጣለን፣ አምሐ ወንበሩን ይዞ ይሮጣል፣ ጋሼ አዘዘ «ማንም አልሞተም!» ይላሉ፤ እንገባለን። እውነቱን ልናገርና፣ ቃሉን ለመስማት ስንል ናፍቀን የምንወጣ ሆንን።

ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነፋች። ልጁን ያዘለ፣ በሽተኛውን የተሸከመ፣ አንድ ሰው ሳይቀር ወጣ። ቃለ ሕይወት እንዳስተማረችን ከግድግዳና ከመብራት ምሰሶ ርቀን ሜዳው ላይ ቆምን። ጋሼ አዘዘ መጡ። ያን ቃል እስኪሉን ጠበቅናቸው፤ አፋቸው እንቢ አላቸው።

አምሐ እንደ ልማዱ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ቤታቸው ሊሮጥ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ» አሉት።