መሰላል ያዧ

ሴትዮዋ መሰላል ስትይዝ ያየ ሰው፣ መሰላሉ እሷን የያዛት ነው የሚመስለው። ሁለት እጇን ቋሚው ላይ ትጠመጥማለች፣ አንድ እግሯን የታችኛው መርገጫ ላይ ትጭናለች፣ አንገቷን ወደ ላይ ታንጋጥጣለች፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢወርድም አትነቃነቅም። ባሏ «ወይዘሮ ስጋት» የሚል ስም ያወጣላት በዚህ ነው። ስሙ ሰፈር ገብቶ ተለመደ፤ እሷም «አቤት» ማለት ጀመረች፣ ምን ታድርግ!

ደግሞስ ያለ ነገር መቼ ሰጋች? ባልና ሚስቱ የሚተዳደሩት በመስኮት ጽዳት ነው። ባለፈው ዓመት ባሏ ትንኝ የሚከለክለውን የመስኮት ወንፊት ይዞ መሰላል ላይ እንደቆመ ወደቀ። ወንፊት ክፉ ዕቃ ነው። ክብደት የለውም፣ ግን በአንድ እጅ አይያዝም፤ ሁለቱም እጅ እሱን ከያዘ መሰላሉን ማን ይይዛል? እሷ ያን ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ባሏን ባልዲዎቹ መሃል ተዘርሮ፣ ወንፊቱን እንዳቀፈ አገኘችው። የተሰበረው ዳሌው ተጠገነ፤ ቀኝ እግሩ ግን ዛሬም ሲራመድ ይጎተታል።

ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ያዘችው።

«በልጃችን ማልልኝ። ሁለተኛ መሰላል አልወጣም በል።»

«ኧረ አንቺ ሰው! መሰላል የማይወጣ መስኮት አጣቢ ምኑን አጣቢ ሆነ?»

«ማልልኝ አልኩህ!»

ማለላት። ግን ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ግድግዳ ማየት ጀመረ፣ ምግብ አልበላ አለው፣ የመንገድ ማዶውን መስኮት እያየ «ጥግ ጥጉን አልነኩትም» ይል ነበር። እሷም ይህ ሰው አንድ ቀን ሳላየው ይወጣል ብላ እንቅልፍ አጣች። የወንፊት ማጠቢያ ማሽን የሚባል ነገር እንዳለ የሰማችው ያኔ ነው።

ማሽኑ ጠረጴዛ ያህላል። ሁለት ድብልብል ብሩሾች ፊት ለፊት ይሽከረከራሉ፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል፤ ወንፊቱን በዚህ በኩል ቢያጎርሱት በዚያ በኩል ጸድቶ ይወጣል። ሰውዬው ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እግሩ መሬት ላይ፣ እጁ ሥራ ላይ። እሷ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ወደ ላይ መውጣቱ ለባሏ ታናሽ ወንድም ተሰጠ። ሰው «ጦጣው» ይለዋል፤ ስሙን ማን እንደሰጠው እንጃ፣ ቅልጥፍናውን ግን አብሮ አልሰጠውም። በየመርገጫው ቆም እያለ ወገቤን ይላል።

ማሽኑ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራውን ያገኘው አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከጀርባው ረግረግ አለ። እዚያ ያለችው ነርስ ቆፍጠን ያለች ሴት ነበረች።

«ሲስተር፣ መስኮቶቹ ከውስጥ ይዘጉልን፤ ውሃ እንዳይገባባችሁ» አለ ባሏ። የትም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሉት ይህንን ነው።

«ይዘጋሉ። እናንተ ብቻ ወንፊቶቹን ጀንበር ሳትጠልቅ መልሱልኝ። ትንኙ ከረግረጉ ከተነሳ ሽማግሌዎቼን ይበላብኛል።»

እንግዲህ የዚያ ቤት አናጢ ነፍሱን ይማረውና፣ መስኮቶቹን እንደ ዕለቱ ስሜቱ ነው የሠራቸው። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ጎበጥ ያለ ነው። የአንዱ ወንፊት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ጦጣው እያወረደ የእያንዳንዱን ፍሬም ጥግ በጠመኔ ቁጥር ጻፈበት። ዘወትር የሚሠሩት እንደዚያ ነበር፤ በእጅ ሲያጥቡ ሽቦውን ብቻ ስለሚፈትጉ ጠመኔው ተነክቶ አያውቅም።

ማሽን ግን ሽቦና እንጨት አይለይም፤ የጎረሰውን ሁሉ ይፍቃል። ባልየው እያጎረሰ፣ ሚስቲቱ እየተቀበለች ግቢው አጥር ላይ ደረደሩት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሱ እንዲያውም ያፏጭ ነበር። ከወደቀ ወዲህ ሲያፏጭ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

«በሉ የመጀመሪያውን አቀብሉኝ!» አለ ጦጣው ከመሰላሉ ሥር።

የአንዱን ጥግ አየች። ባዶ ነው። ሌላውን አገላበጠች። ባዶ ነው። ክው ብላ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ባሏ።

«ጠመኔው...»

«ጠመኔው ምን ሆነ?»

«ታጠበ።»

ሰውዬው ብሩሾቹን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እንዴት ያለ ጎበዝ ማሽን ነው እባክሽ!» እሷ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ማሽኑ ይምጣ ያለች እሷ፣ ወንፊቱን ስትቀበል ጥጉን ያላየች እሷ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ጦጣው አንዱን ይዞ ይወጣል፣ አልገባ ይለዋል፣ ይወርዳል። ሌላ ይዞ ይወጣል፣ ይሰፋበታል፣ ይወርዳል። ጥላው እየረዘመ ሄደ። ሲስተር በበሩ ብቅ እያለች ሰማዩን ታያለች። ሚስቲቱ ግን የምታየው ሰማዩንም ሲስተርንም አይደለም። ባሏ ከወንበሩ ተነስቷል። አንዱን ወንፊት አንስቶ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል፣ ወደ ፎቁ ቀና ይላል።

«እኔ ብወጣ እጄ ያውቀው ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሷማ ራሱን እባቡን ነው ያየችው። በስንት ዘዴ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው ሰው፣ ባመጣችው ማሽን ምክንያት ተመልሶ ሊወጣ ነው። መላ ፈለገች። መስኮቶቹን ከውስጥ ሆና በሲባጎ ብትለካቸው፣ ወንፊቶቹንም ብትለካ፣ ሁሉም ቦታውን ያገኛል፣ ማንም አይወጣም አይወርድም። ጦጣውን ወደ ጎን ሳበችው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቁም። ማንም እንዳይወጣ።»

«ማን ይወጣል ብለሽ ነው?»

«ማን እንደሚወጣማ ታውቃለህ።»

ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ፎቁ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። «ይቅርታ እማማ፣ መስኮቱን ልለካ ነው» አለችና ሲባጎዋን ከጥግ ጥግ ዘረጋች። ቋጠሮ ልታስር ጎንበስ አለች። ቀና ስትል መስታወቱ ሥር አመድማ ኮፍያ ታየ።

ኮፍያውን ታውቀዋለች። የገዛችለት እሷ ናት።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ኮፍያው ከፍ አለ፣ ግንባሩ ታየ፣ ከዚያ ወንፊቱን የያዙት ሁለት እጆች። ሁለቱም! የፍሬሙን አናት ከመስኮቱ በላይ ባለው ሽንቁር ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል፤ መርገጫው ላይ ያለው ቀኝ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ መሰላሉን አልፎ መስኮቱን ያንኳኳል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ብጮህ ይደነግጣል፣ ቢደነግጥ ይወድቃል። መቀርቀሪያውን ቀስ ብላ አነሳች፣ መስኮቱን ወደ ውስጥ ሳበች፣ እጇን ሰድዳ ወንፊቱን ያዘች።

«ልቀቀው።»

«አንቺ...»

«ልቀቀውና መሰላሉን ያዝ። በልጃችን!»

ለቀቀው። ሁለት እጁ መሰላሉን ጨበጠ። ወንፊቱ እሷ እጅ ላይ በአየር ቀረ፤ ብትለቀው ራሱ ላይ ሊወድቅበት ነው፣ ይዛው እንዳትቆይ ክንዷ ዛለ። ከጭንቀቷ የተነሳ ዘመም አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው። በጥጉ በኩል ሸርተት ብሎ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

እሷ ወንፊቱን አየችው። እንደገና ዘመም አድርጋ አወጣችው፣ አናቱን ወደ ላይኛው ሽንቁር ከፍ አደረገች፣ ግርጌውን ለቀቀችው። ቀጭ አለ። ልክ ነበር፤ እጁ አውቆት ነበር። ወንፊቱን የሰቀለችው ግን ወለል ላይ ቆማ ነው።

«ማነው በመስኮት የሚመጣው?» አሉ አሮጊቷ ከአልጋቸው። «በር የለም እንዴ?»

ባሏ ከወንፊቱ ወዲያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ዳሌው ጣለ። ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት። ያን ሁሉ ዘመን፣ በየቤቱ፣ መስኮቶቹ ከውስጥ ይዘጉልን ያሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ከውስጥ ሆኖ ለመሞከር ያሰበ የለም፤ እነሱ የደጅ ሰዎች ናቸዋ! አነደዳት። በእሱ፣ በራሷ፣ በመሰላሉ ሳይቀር ተናደደች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ውረድ» አለችው። «ቀስ ብለህ። መሐላህን በኋላ እናወራዋለን።»

ከታች ጦጣው ይጮሃል፦ «እኔ ከልክዬው ነበር! ታላቄ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ሰውዬው ወረደና በበሩ ገባ። ደረጃውን እግሩን እየጎተተ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጦጣው ወንፊቶቹን በደረጃው ያመላልሳል፣ ባልየው ጠርዛቸውን እየዳበሰ «ይሄ የዚያኛው ነው» ይላል፣ እየገቡ ይሰቅላሉ። ሲስተር መብራት ስታበራ የቀረው አንድ መስኮት ነበር። እሱን ባልየው ራሱ ሰቀለው። ወደ ውጭ ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ሲያስገባ ከኋላው የሆነ ነገር ያዘው። ዞሮ ሲያይ ሚስቱ ቀበቶውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አንድ እግሯን ከእግሩ ኋላ ተክላ ቆማለች።

«ልቀቂኝ እንጂ ወይዘሮ ስጋት፣ ወለል ላይ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

አለቀቀችውም።