ለአማቴ የተቀመጠው ቅቤ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን ልጆቹ ቴሌቪዥን ከፈቱ። በየሳምንቱ አንድ ሀብታም ቤተሰብና አንድ ድሃ ቤተሰብ ድግስ ላይ እያገናኘ የሚያላትም አስቂኝ ድራማ አለ፤ የዚያን ቀኑ ስለ ሽምግልና ነበር። ሀብታሟ እናት የድሆቹን ወንበር በሶፍት ጠርጋ ስትቀመጥ፣ ልጄ ሕሊና ሶፋው ላይ ተንከባለለች። ባለቤቴ ማርቆስም መነጽሩን አውልቆ የሳቅ እንባውን ጠረገ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሕሊና ዞር ብላ አያስቅም ወይ አለችኝ። ያስቃል አልኳት። እያሳቀም የሚያስፈራኝ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ጉኑኖ መመለስ ነበረብኝ፤ ድራማው ደግሞ አላለቀም።

ያኔ ጉኑኖ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ታደለች ናት። እኛ ገበሬዎች ነን፤ ከቤታችን ጓሮ እንሰትና ጎደሬ፣ ከፊት ለፊት ሁለት ላሞች፣ ሌላ የሚያስወራ ነገር አልነበረንም። ማርቆስን ያገኘሁት መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ነው። አባቱ አቶ ጳውሎስ ሶዶ መሐል ከተማ ትልቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ቤታቸው ሊሾ ነው፣ መኪናም አላቸው። ሽማግሌዎች ተመላልሰው ነገሩን ጨርሰዋል። የቀረው ሁለቱ ቤተሰቦች ተያይተው፣ አብረው በልተው፣ አባቴ የመጨረሻ ቃሉን የሚሰጥበት ቀን ብቻ ነበር።

በእኛ ቤት ደንብ፣ እንዲህ ላለ ቀን የመጣ የክብር እንግዳ አናቱ ላይ ቅቤ ሳይደረግለት አይሸኝም። አክስቴ ክረምቱን ሙሉ ስትንጥ ከርማ፣ ለመስቀል ካዋለችው ለጋ ቅቤ ከፍላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ቀዝቃዛው ጓዳ አስቀምጣ ነበር። የአማት ነው ስለተባለ በዓመት በዓሉ እንኳ ማንም ጣቱን አላስነካውም።

እኔ ደግሞ የማርቆስን እናት፣ ወይዘሮ አልማዝን፣ ሶዶ ሄጄ አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ጸጉራቸው በቢጉዲን ተጠቅልሎ፣ ካስክ ገብቶ፣ ከፍ ብሎ የቆመ ነው። ንፋስ ሲመጣ ሰው ባርኔጣውን እንደሚይዝ በእጃቸው ደገፍ ያደርጉታል። ያንን ጸጉርና ያንን ቅቤ በሐሳቤ ባገናኘሁ ቁጥር እህል አልወርድልሽ ይለኝ ጀመር።

አክስቴን ለመንኳት። የከተማ ሴት ናቸው፣ ልብሳቸውም ይበላሻል፣ ለዚህ ቀን እንኳ ይቅር አልኩ። አክስቴ አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ለእሷ ሴትም ወንድም ያው «አንተ» ነው።

«አንተ ዝም በል» አለችኝ። «እንግዳ ራሱ ደርቆ ከዚህ ቤት ወጥቶ ያውቃል?»

ወደ አባቴ ሄድኩ፤ ባልሄድኩ ይሻለኝ ነበር። ጓሮ የእንሰት ቅጠል እየቆረጠ ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና ቢላዋውን ሳያስቀምጥ መለሰልኝ።

«ቅቤያችንን የተጸየፈች አንቺን እንዴት ትወዳለች? ራሷን ከነፈገችን እኔም የምሰጣት ቃል የለኝም።»

አባቴ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳስተማርኩ እንጃ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍና ምን እንደጻፍኩ ተማሪዎቹን እጠይቃለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ወጣሁ ወጣሁ እያለ የመጨረሻውን ያወርዳል። መኪናቸው ከእኛ ደጅ በታች ያለው ቀይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ቀረችና እንግዶቹ በእግር መጡ። በመስኮት አየኋቸው። ወይዘሮ አልማዝ በአንድ እጅ ቀሚሳቸውን፣ በሌላው ጸጉራቸውን ይዘው፣ ነጭ ጫማቸው በየእርምጃው እየሰመጠ ይመጣሉ። ከቤት ወጥቼ ጫማውን ብጠርግ ደስ ባለኝ፤ ግን ሙሽራ አትታይም።

ዘመዶቼ የባህል ልብሳቸውን፣ ዱንጉዛቸውን፣ ደርበው በወላይትኛ ሳሮ ሳሮ እያሉ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ አልማዝ በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ ብለው መለሱ። ወዲያው ቤቱ ሁሉ ወደ አማርኛ ዞረና ጨዋታው ደረቀ፤ አጎቶቼ የሚያውቁት አማርኛ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲያስፈጽሙ የሚናገሩት ነውና እንግዳን «አቤቱታዎ ምንድን ነው» ለማለት ትንሽ የቀራቸው ይመስሉ ነበር።

ጸሎት ተደረገ፣ ምግብ ቀረበ። ቅቤ የጠጣ የእንሰት ሙቹዋ፣ ቁርጥ ሥጋ፣ አፍ የሚያቃጥለው የአክስቴ ዳጣ። አቶ ጳውሎስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ወይዘሮ አልማዝ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሙቹዋው ቆንጠር አደረጉና ቆዩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የማየው እሳቸውን ሳይሆን አባቴን ነበር። አባቴ ደግሞ የሚያየው የእሳቸውን እጅ ነው።

ገበታው ተነሣ። አክስቴ ቅጠሉን ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ የቅቤው ጠረን ቤቱን ሞላው።

«አማታችን፣ እንኳን መጣህልን» አለች። «ራስህን ስጠኝ።»

የወይዘሮ አልማዝ እጅ ወደ ጸጉራቸው ሄደ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የመጸየፍ መሰለኝ።

«እህቴ፣ ለዛሬ ይቅርብኝ» አሉ ቀስ ብለው።

አክስቴ እንደቆመች ቀረች። ቅቤው በጣቶቿ መካከል እየቀለጠ ወደ ክርኗ ወረደ። አባቴ የያዘውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ምን ሊል እንደሆነ አውቀዋለሁና ጆሮዬን ያዝኩ። ማርቆስ ወደ መጋረጃው ዞሮ ሲያይ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

አባቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት አቶ ጳውሎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሥሩ የወጣው ጥርት ያለ መላጣ ነው።

«እኔን ቀቢኝ» አሏት ለአክስቴ፣ ጎንበስ ብለው። «የሚበላሽ የለኝም፤ ቅቤሽም እንደኔ ያለ ሜዳ አያገኝም።»

መጀመሪያ አጎቶቼ ሳቁ፣ ከዚያ አክስቴ። አባቴ ከሁሉም ዘግይቶ ሳቀ። ቅቤው በሰውየው ጆሮ ላይ እየተንጠባጠበ ሳለ አባቴ ቃሉን ሰጠ፤ ነገር ግን ሲሰጥም ወይዘሮ አልማዝን አልተዋቸውም።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። የአንዷ ራስ እንደደረቀ ነው፤ እሱን እግዚአብሔር ያርጥበው።»

ወይዘሮ አልማዝ አንገታቸውን ደፉ። ያቺን የተደፋች አንገት ጥሎሽ አድርጌ ሶዶ ገባሁ ማለት ይቻላል። አማቴ ክፉ አልነበሩም፤ ጨዋ ነበሩ፣ ይህም ይብስ ነበር። ቡና ሳቀርብላቸው ስኒው ላይ አፈሳለሁ፣ እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። እንደተናቅን አምኜ ነው የኖርኩት።

የመጀመሪያ ልጄን ናሆምን ኦቶና ሆስፒታል ወልጄ ቤት ስገባ፣ አክስቴ ልታርሰኝ ከጉኑኖ መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቴ ገቡ። ወንበሩን ትተው አክስቴ አጠገብ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ።

«ያኔ የቀረው ይኖር ይሆን?»

አክስቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «ያ ቀለጠ» አለች። «ሌላ አለ።»

ጸጉራቸውን እየለያየች ስትቀባቸው አማቴ በወላይትኛ ማውራት ጀመሩ፤ በእኔ ፊት የመጀመሪያቸው ነበር። ለካ እሳቸውም ከእኛ የባሰ ገጠር የተወለዱ የገበሬ ልጅ ኖረዋል። ሶዶ ሙሽራ ሆነው ሲገቡ የባላቸው እህቶች ቅቤ ሸተተን እያሉ መስኮት ይከፍቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅቤ አናታቸውን ነክቶት አያውቅም።

«ያን ቀን ጠረኑ ሲመጣ እናቴ የገባች መሰለኝ» አሉ። «ብትነኪኝ አለቅስ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ላልቅስ?»

ይህን ሲሉም እያለቀሱ ነበር። እኔም ሕፃኑን አቅፌ አለቀስኩ። ሁላችንም ያን ቀን ስንፈራ ነበር፤ እኔ እሳቸውን፣ እሳቸው እኛን።

አማቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ አክስቴም እንዲሁ። በድራማው ላይ ያቺ ሴት ወንበሩን ስትጠርግ ቤተሰቤ ይስቃል፤ እኔ ምን ፈርታ ይሆን እላለሁ። በዚህ ቅዳሜ ያኔ የታረስኩበት ናሆም የእጮኛው ቤተሰቦች ዘንድ ይዞን ይሄዳል። ቦምቤ ገጠር ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የልጁ እናት፣ እኔ ማለት ነው፣ የከተማ ሰው፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት ተብለዋል። ሕሊና ጸጉር ቤት ቀጠሮ ይዛልኝ ነበር፤ ተዪው አልኳት።

ድራማው እንዳለቀ ናሆምን ጠራሁትና ስለ ደንባቸው ጠየቅኩት።

«እማ፣ አትጨነቂ» አለኝ ደስ ብሎት። «ቅቤ ምናምን እንዳያደርጉብሽ ነግሬያቸዋለሁ።»

ስልክህን አውጣና አሁኑኑ ደውል አልኩት። ኔትወርክ የለም። በማግስቱም ሞከረ፤ ዛሬም አልተሳካም። እዚያ ቤት ደግሞ አንዲት ሴት ያስቀመጠችውን ቅቤ አንሥታ፣ ናቁን እያለች እንደምትውል ይታየኛል፤ እንቅልፍም የለኝ።

ሳያገኛቸው ቅዳሜ ከደረሰ፣ ሻሼን እዚያው ፈትቼ ቅቤውን እጠይቃለሁ። አማቴ ለመጠየቅ የልጅ ልጅ እስኪያዩ ቆዩ፤ እኔ ገበታው እስኪነሣ እንኳ አልቆይም።