ከሜዳ የወጣው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የማምነው አንድ እንግሊዛዊ ነበር። አይቼው አላውቅም፤ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዘመን በፊት ሞቷል። ያገናኘን የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ስርሞሎ ነው። አጎቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ወጥ ቤት ሆኖ ሠርቶ ነበርና፣ አሠሪው ስለ ገዛ አባቱ ያወራለትን ሁሉ ይዞ እምድብር አጠገብ ወዳለው መንደራችን ተመለሰ። ያኔ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ የጎጇችን ምሰሶ በኩራዙ ብርሃን ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ጠቁሮ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን በምድጃው ዙሪያ ስንቀመጥ፣ አጎቴ ፍሙን እየቆሰቆሰ የዚያን አባት፣ «ሰውዬው» የምንለውን ሰው፣ ሕይወት ትናንት ከተወበት ይቀጥልልን ነበር።

«እንግሊዝን የምትገዛው ሴት በነበረች ጊዜ ነው» ይላል። «ሰውዬው የጌታ ልጅ ነው። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እንደኛ ጀፎረ በለመለመ ሜዳ ላይ ኳስ በእንጨት ይመታል።»

ጀፎረ በቤቶቻችን ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት ይውልበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፤ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ስለዚህ የእንግሊዙን ሜዳ በሐሳባችን ለማየት አልተቸገርንም።

እናቴ ቆጮውን እያገላበጠች አጎቴን በነገር ትወጋዋለች። «ያንን ነጭ ልብስ ሣር ላይ ሲያንከባልለው ማን ያጥብለታል? አንተ ነህ?»

«እኔ ወጥ ቤት እንጂ አጣቢ አልነበርኩም። ደግሞ ያኔ አልተወለድኩም።»

«ሥራ የለውም ወይ ይሄ ሰው?»

«ሥራማ አለው። ኋላ ጠበቃ ሆኗል።»

«ጠበቃ ሆኖ ነው እውነት የሚናገረው? በል ቀጥል እስቲ።»

እኛ እንስቃለን፤ አባቴ ብቻ አይስቅም። እሱ የሚጠብቀው አንድ ቦታ ነበረው። ኳሷ እንጨቱን ነክታ መሬት ሳትደርስ ከተያዘች መቺው ከሜዳ ይወጣል። አንድ ቀን ኳሷ የሰውዬውን እንጨት ጠርዝ ጨረፍ አድርጋ አለፈችና ተያዘች። ዳኛው አላየም፣ ሕዝቡም አላየም፤ የሚያውቀው ሰውዬው ብቻ ነው። እንጨቱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከሜዳው ወጣ። ከዚያ በኋላ ጠበቃ ሆኖ ችሎት ሲቆም ዳኞች ቃሉን ያምኑታል፤ ለምክር ቤት ሲወዳደር ባላገሩ «ራሱን ያስወጣው ሰው» እያለ ይመርጠዋል፤ ሲሞትም በክርክር የረታቸው ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀበሩት። ታሪኩ እዚህ ላይ ሲደርስ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ሰውዬው ሩቅ ዘመዱ ይመስለው ነበር።

ከመንደራችን ወጥቶ ነገረ ፈጅ የሆነ፣ ኋላም የሕዝብ እንደራሴ ተብሎ ፓርላማ የገባ አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራውም። ይህ ሰው በቤታችን ፊት ያለውን ጀፎረ አጥሮ ባሕር ዛፍ ተከለበት፤ አጥሩም ዞሮ የእንሰታችንን ግማሽ ይዞ ሄደ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ያ ማሳ ከተወሰደ እናቴ ለቆጮ የምትፍቀው፣ እኛም የምንበላው አይኖርም። ሽማግሌዎች ቢጠሩት አልቀረበም። አባቴ ከሰሰ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቆም ከክሱ በፊት የራሱን ጥፋት ይናገራል። ተከሳሹም በተራው የራሱን ይናገራል። ሽማግሌ ሁለቱንም ሰምቶ ነው ማመን የሚጀምረው። ወደ ወልቂጤ ፍርድ ቤት ስንወርድ መንገድ ላይ አጎቴ «የአጥርህንም ነገር ታነሣለህ?» አለው።

«ሰውዬው ቢሆን ይደብቀዋል?» አለ አባቴ።

አጎቴ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ አደረገው።

አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ችሎት ቆመ። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ የኔን ጥፋት ልናገር» አለ። «እኔም አምና አጥሬን ወደ ጀፎረው ገፋ አድርጌ ነበር። ሽማግሌ ነገረኝ፣ መለስኩ።»

ዳኛው ቀና አሉ። «ድንበር ገፍቻለሁ እያልክ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። መለስኩት እንጂ።»

እንደራሴው ለራሱ ይከራከር ነበር። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ከሳሽ ድንበር ገፊ መሆኑን በገዛ አንደበቱ አምኗል። የኔ ነው የሚለው እንሰትም በተገፋ ድንበር ላይ የተተከለ ነው። የእምነት ቃሉ ይመዝገብልኝ።»

ተመዘገበ። አባቴ እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን ወደ እንደራሴው መልሶ ቆየ። የእንደራሴውን ጥፋት ከራሱ አፍ ለመስማት ተራውን እየጠበቀለት ነበር። እንደራሴው ወረቀቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ተረታን። እንሰቱ ገና ለጋ ሳለ ተቆርጦ አጥሩ ሥር ተከመረ፤ ሽታው እስከ ምድጃችን ድረስ ይመጣ ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ የሰውዬውን ተረት ለመነ። አጎቴ ፍሙን ሲቆሰቁስ ቆይቶ ጀመረ። «ኳሷ እንጨቱን ነካች፤ ተያዘች። ዳኛው አላየም። ሰውዬውም ቆመ።»

«ወጣ እንጂ» አለ ወንድሜ።

«ቆመ አልኩህ። ዳኛው ካላየ ምን ያስወጣዋል? ቆሞ መታ፤ አሸነፈ፤ ጠበቃ ሆነ፤ ምክር ቤት ገባ።»

ከምሰሶው ወዲያ፣ ብርሃኑ ከማይደርስበት፣ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ወጥቷል።» ከዚያም ደገመው። «አንተ ነህ የነገርከን፣ ስርሞሎ። ወጥቷል።»

አጎቴ ፍሙን በአመድ ዳፈነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ሰውዬው ቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ተማርኩ። የገባሁት ያንን ፍርድ ለማፍረስ ነበር። ሰው በራሱ ላይ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንደሆነ ተማርኩ፤ የፍርዱን ስህተት በየአንቀጹ ፈልጌ አጣሁት። ጥፋት የሠራው ሰው ሳይቀጣ፣ ጥፋቱን የተናገረው ሰው ተቀጥቶ፣ ሁሉም እንደ ሕጉ ሆኗል። አባቴ ሲሞት ሬሳውን ያወጣነው በዚያ በቀድሞው ጀፎረ ነው፤ ባሕር ዛፎቹ መሀል የቀረችው መንገድ ጠባብ ስለነበረች ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እያጋደሉ አለፉ።

ዛሬ እኔም ጠበቃ ነኝ። ዳኛ ያላየውን ለዳኛ ነግሬ አላውቅም፤ አጎቴ በመጨረሻ የነገረን ተረት እንጀራዬ ሆኗል። እሳት ባለበት ቤት ባመሸሁ ቁጥር ግን ብርሃኑ ከማይደርስበት ጥግ ያ ድምፅ ይመጣል። «ወጥቷል» ይላል። ያኔም የመለሰለት አልነበረም፤ እኔም አልመልስለትም።