ከዶሮ ማነቂያ ግድግዳ የወጣው ሊሬ

ሉልሰገድ የሸበተው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሰዓት ሲጠግን ነው። ልቡ ግን ዕድሜ ልኩን ወረቀት ላይ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን ለያዘው አገር ብሎ ለብቻ ያተመውን ሊሬ ይሰበስባል። ሃምሳውን፣ መቶውን፣ አምስት መቶውን አግኝቷል። ሺውን ግን በሕልሙ እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

አንድ ጠዋት የወዳጁ ልጅ አይናዲስ ደወለች። ዶሮ ማነቂያ ያለው የአያቷ ቤት እየፈረሰ ነው።

«ጋሽ ሉልሰገድ፣ ይድረሱልኝ! የግድግዳውን ጋዜጣ ስልጥ ከሥሩ የጣልያን ገንዘብ ተለጥፎ አገኘሁ። አንዱን ብስበው ተቀደደ።»

«ሌላውን እንዳትነኪ! ምን ይላል?»

«ሚሌ።»

ሚሌ ማለት ሺህ ነው። ሉልሰገድ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው።

በጣልያን ጊዜ ሰው ከወረቀት ይልቅ ጠገራ ብር ነበር የሚያምነው። ጣልያን ተሸንፎ ሊሬው ዋጋ ሲያጣ የአይናዲስ አያት የቀራቸውን በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ ቢያንስ ነፋስ ይመልስ ብለው። ወረቀትን ገንዘብ የሚያደርገው የሰው እምነት ነው፤ እምነቱ ሲነሣ ሽንቁር መድፈኛ ይሆናል።

ሉልሰገድ እንደደረሰ መሐረቡን አርሶ ሳይቀደድ የቀረውን ሊሬ ጠርዝ ነካ ቢያደርገው ቀለሙ ለቀቀ። ክው አለ። በላይ በኩል ቆርቆሮው እየተነቀለ ነው።

«አባት፣ ውጡ እንጂ! ጣራው ሊወርድብዎት ነው!» አለ ከላይ አንዱ ሠራተኛ።

«ትንሽ ታገሠኝ፣ የኔ ጌታ! አይናዲስ፣ ቢላ! ሰፌድም ከሥር ያዢልኝ። ከነጭቃው ነው የምንቆርጠው።»

ዙሪያውን ፈለፈለ። ጭቃው ከነጭዱ ተገምሶ ሰፌዱ ላይ ዱብ አለ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ ሊሬው ግን ደህና ነው! አይናዲስ እልል አለች፤ ሠራተኛውም ምን እንደሆነ ሳይገባው ከላይ አጨበጨበ።

«ሽጪልኝ» አላት።

«አልሸጥም። አያቴ ገንዘብነቱን ክደው የለጠፉትን እኔ መልሼ ገንዘብ ላድርገው? ይውሰዱት፤ ግን ጭቃውን እንዳያራግፉ። ለሚያይ ሁሉ የማን ግድግዳ እንደነበር ይንገሩልኝ።»

ሉልሰገድ ሰፌዱን በነጠላዋ ሸፍኖ ፒያሳን አቋረጠ።

«ጋሼ፣ ድፎ ነው? አይቆረስልንም?» አለ አንዱ ሊስትሮ።

«ባንክ ነው የተሸከምኩት! ዞር በል!» አለና፣ እየሳቀ፣ እያለከለከ አለፈ።