በር ላይ የተቀመሰው ቆጮ

የእትዬ ዕፀገነት አፍ ክፉ ነው ብል ማንም አይቀየመኝም፤ እሳቸውም አይክዱም። ሠላሳ ዓመት አቃቂ ክር ፋብሪካ በማሽን ጩኸት መሃል ስለሠሩ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ናቸው። ፊት ለፊታቸው የምትኖረው የስልጤዋ ኡሙልኸይር ቆጮ በጋገረች ቁጥር በራቸውን ከፍተው «ኧረ ምንድነው የበሰበሰው?» ይሉ ነበር። ኡሙልኸይር አንድ ቀንም መልሳላቸው አታውቅም። በእሷ ፈንታ እኔ እበሽቅ ነበር።

የኡሙልኸይር ባል ሀይረዲን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በግጭት ሰው ተጎድቶበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ከገባ አምስተኛ ወሩን ይዟል። እህል አልወርድ ብሎት ከስቷል፤ ደህና አድርጎ የሚበላው ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቱ የምትወስድለትን ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ኡሙልኸይር ወለደች። ዘመዶቿ አገር ቤት ናቸው፤ እኛ ጎረቤቶቿ ቅዳሜም ሥራ እንገባለን። ቤት የሚውሉት እትዬ ዕፀገነት ብቻ ነበሩ። አራሷ ምሳ ዕቃ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«እትዬ፣ ዛሬ ካልደረሰለት ሳምንቱን ሙሉ ጦሙን ነው። መገላገሌንም አልሰማም።»

«ሰው ተቸግሮ ዝም አይባልም፤ አምጪው» አሉ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ኋላ ራሳቸው እንደነገሩን፣ የማረሚያ ቤቱ በር ላይ ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ስንቅ ያመጣ ሰው እዚያው ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም።

«እናቴ፣ ይቅመሱ» አለቻቸው ፖሊሷ።

እትዬ ዕፀገነት ሰበብ ፈለጉ። ጾም ነው እንዳይሉ በዓለ ሃምሳ ነው። የእስላም ሥጋ ነው እንዳይሉ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለው ቆጮ፣ አይብና በቅቤ የታሸ ጎመን ብቻ ነው።

«ጥርሴን ያመኛል» አሉ።

«እንግዲያው አይገባም።»

ከኋላ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። የዚያ የከሳ ሰው ሳምንት በአንድ ጉርሻ ላይ ተንጠለጠለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ።

ኮምጠጥ ያለው ቆጮ ከአይቡ ጋር ሲገናኝ ለዘብ አለ፤ ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ተከተለ። ዓይናቸውን ገለጡ። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ ፖሊሷ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እናቴ፣ ለሰውየውም ይትረፈው እንጂ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

ሀይረዲን ከሽቦው ማዶ ብቅ ሲል በሚስቱ ፈንታ እሳቸውን አይቶ ደነገጠ። «ኡሙልኸይርስ?» አለ።

«በሰላም ተገላገለች! ሴት ልጅ!»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ የተቀበለውን ምሳ ዕቃ ከፍቶ ጎመኑን አየና ፈገግ አለ።

«ባለፈው ቅዳሜ ክትፎ አምጪልኝ ብያት ነበር። ለካ እርስዎ እንደሚመጡ አውቃ ነው! እዚህ ያስቀምሳሉ፤ የእኛን ሥጋ ደግሞ እርስዎ አይበሉም። እንዳይቸገሩብኝ ብላ ነው በጎመን የለወጠችው።»

እትዬ ዕፀገነት ጎመኑን በሽቦው አሻግረው አዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘለፏት ሴት ከአራስ አልጋዋ ተነሥታ የእሳቸውን ሃይማኖት ጠብቃላቸዋለች። አፈሩ። ደስታው ደግሞ ከሐፍረቱ በለጠ፤ እልልታቸውን ለቀቁት። ለሴት ልጅ ሦስት ነው የሚባለው፤ እሳቸው ሰባት አደረሱት። ጎን ለጎን የቆሙት ጠያቂዎች ማን እንደ ወለደ እንኳ ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ሀይረዲን እንባውን እየጠረገ ይጎርስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እትዬ ዕፀገነት ባዶውን ምሳ ዕቃ ከፍ አድርገው ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ደረስኩባቸው።

«ጨርሶ በላልሽ፣ ልጄ! ጨርሶ!» እያሉ ኡሙልኸይር በር ላይ ደረሱ። ከዚያም ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሞ እያየ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ይቅርታ ጠየቋት።