በፋሲካ ማግስት የተቆላ ገብስ

ዛሬ የፋሲካ ማግስት ነው፤ እኔ ግን ገብስ እየቆላሁ ነው። የልጄ ልጅ ትስቅብኛለች። "እማማ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ! በሶው ለማን ነው?"

በልጅነቴም በፋሲካ ማግስት ይኸው ሽታ ነበር ጣሊያኑን መኮንን ወደ ቤታችን የጎተተው። አባቴ ጫካ ገብቶ ነበር፤ ለእሱና ለጓደኞቹ ስንቅ የሚሆነውን በሶ እናቴ ታዘጋጅ ነበር። ገብሱን ቆልታ ጨርሳ ለዶሮ ወጡ ቀርበን፣ እኔ መብላት እንደጀመርኩ መኮንኑ ከነአስተርጓሚው ገባ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው።

"በፋሲካ ማን በሶ ይበላል? ለማን ነው?" አላት።

እናቴ አፏ ያደረሰችውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰችው።

"ለራሴ ነው። ለእኔ ፋሲካ አልገባም። እናንተ ከአገሬ ስትወጡ እፈስካለሁ። ሳትቀንስ ንገረው!"

አስተርጓሚው በቅቤ የወዛውን ከንፈሬን አየ። ለመኮንኑ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ወጥተው ሄዱ።

እናቴ ዶሮውን ወደ እኔ ገፋችው። የንስሐ አባቷ "በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው" ብለው ቢቆጧት፣ "አባ፣ ጠላት ፊት የሰጠሁትን ቃልማ አላጥፍም" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሥጋም ቅቤም በአፏ አልዞረም።

ጣሊያን ወጣ፤ አባቴ ግን አልተመለሰም። እናቴ ጣሊያን መውጣቱን በሰማች ዕለት ዶሮ አሳርዳ ወጥ ሠራች፤ እንባዋ እየወረደ ጎረሰች።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ገብስ የምቆላው እሷን ለማሰብ ነው። የልጅ ልጄ አሁንም ትስቃለች።

"ዝም ብለሽ ገብሱን አማስዪ" አልኳት።